ከበር ሳንቃ የሠራሁት ጊታር

ለአክስቴ ልጅ ኤሌክትሪክ ጊታር የመጣለት ቀን ራሴን አሞኛል ብዬ ከቤት አልወጣሁም። ራሴን አላመመኝም። ዐረብ አገር የምትሠራው እኅቱ ለእረፍት ስትመጣ ያመጣችለት ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ጊታር ነበር፤ ደብረ ታቦር በሙሉ እሱን ለማየት ቤታቸው የጎረፈ መሰለኝ። ቅናት ነው ያስተኛኝ።

ከዚያ በፊት የሰፈራችን ሙዚቀኛ እኔ ነበርኩ። ሰርግ ሲደገስ "ባለ ክራሩን ጥሩት" ይባላል። እኔ እጫወታለሁ፤ የአክስቴ ልጅ አምፕሊፋየሩን ይሸከማል፣ ያጨበጭባል። ክራሬን ግን ለማንም አላስነካም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት ጊዜ "እስቲ አንዴ ልሞክረው" ብሎኝ "ቅኝቱን ታበላሽብኛለህ" እያልኩ መልሼዋለሁ።

ጊታሩ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። "ባለ ጊታሩን ጥሩት፤ ያ ባለ ክራሩም ካለ ይምጣ" መባል ጀመረ። "ካለ ይምጣ" የምትለዋ አንጀቴን ታሳርረው ነበር።

ክፉ ሰው ቢሆን እንኳ ይቀለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጊታሩን ተሸክሞ እኛ ቤት መጣና፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ "እንካ፣ ሞክረው" አለኝ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" አልኩት፤ እጄንም አልዘረጋሁም። የራሴን ለመሥራት የማልኩት የዚያን ዕለት ነው። መድፍ የቀለጠበት ጋፋት አፍንጫችን ሥር ነው፤ እዚህ ተወልዶ ጊታር መሥራት የሚያቅተው ማን ነው አልኩ።

እንጨቱን ከአያቶቼ ፈራሽ ቤት የበር ሳንቃ አገኘሁ። ደረቅ ዋንዛ ነው፤ ክራሬም ከዋንዛ የተሠራ ስለሆነ ደስ አለኝ። ገና በመጋዝ መቁረጥ ስጀምር ውስጡ የተቀበረ አሮጌ ምስማር የመጋዙን ጥርስ አረገፈው። አንገቱን፣ አይጎብጥም ብዬ፣ ከወይራ ጠረብኩ። እውነትም አይጎብጥም፤ ግን ይከብዳል። ጊታሩን አንግቼ እጄን ስለቅ አንገቱ ወደ መሬት ይሰግዳል። ለማመዛዘን ከግርጌው ፈልፍዬ ብረት ቀበርኩበት። መስገዱን ተወ፤ የጎበጠው ትከሻዬ ሆነ። እናቴ በአንድ እጇ ልታነሳው ሞክራ አቃታትና "ይኼ ሙቀጫ ነው እንጂ! ዘነዘናው የታለ?" አለች።

ድምፅ የሚይዘውን ማግኔትና መቃኛዎቹን ባሕር ዳር ሄጄ ከተሰበረ ጊታር ላይ አስፈትቼ ገዛሁ። ገጣጥሜ ስሰካው ገና ሳልነካው ማጉረምረም ጀመረ። ሳምንት ሙሉ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው ሳቀና አውታሮቹ ከታሰሩበት ብረት ወደ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሽቦ አገናኘ፤ ጊታሩም ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ይህችን ሽቦ ያውቃት ነበር። እሱን ከመጠየቅ ግን ሞቴን እመርጥ ነበር።

ትልቁ ስህተቴ ሌላ ነው። የጊታር አንገት ላይ ቀጫጭን ብረቶች በተርታ ተተክለዋል፤ ድምፁን የሚለያዩት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ምሳ ሲበላ፣ ጊታሩን በረንዳ ላይ አስደግፎት ነበርና፣ እጄን ልታጠብ ብዬ ወጥቼ የብረቶቹን ርቀት በወረቀት ለካሁ። ብዛታቸው አሳቀኝ። የሰርግ ዘፈናችን አብዛኛው በትዝታ ቅኝት የሚሄድ ነው፤ ለትዝታ ደግሞ አምስት ድምፅ ይበቃል። ታዲያ ያ ሁሉ ብረት ምን ይሠራል? ትዝታ የሚፈልጋቸውን ብቻ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ እየቆረጥኩ ተከልኩ፤ ሌላውን ባዶ ተውኩት። ቅኝት ቢለወጥ እንኳ እንደ ክራሬ መቃኛውን ጠምዘዝ አድርጌ እቀጥላለሁ አልኩ። እንዲያውም የበለጥኩት መስሎኝ ነበር፤ በእኔ ጊታር የተሳሳተ ድምፅ መርገጥ አይቻልማ!

በጥር ይፋግ ለሰርግ ተጠራን። ዕቃ ስንጭን የአክስቴ ልጅ "ክራሩንስ?" አለኝ።

"ክራር የድሮ ነው" አልኩት።

እናቴ በር ላይ ቆማ ሰምታኝ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች። ሙቀጫዬን አንስቼ መኪናው ላይ ጫንኩ።

ዳሱ ውስጥ ሁለት ጊታር ይዘን ጎን ለጎን ቆምን። ለሰርጉ የተጠራችው ዘፋኝ በትዝታ ጀመረች፤ ሙቀጫዬም ዘፈነ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ዓመት የናፈቀኝ ይኼ ነበር። የአክስቴን ልጅ በጎን ባየው ፈገግ ብሏል፤ ፈገግታውም አናደደኝ።

ከዚያ የሙሽራው ወገን ገባ፤ ዘፋኟም በባቲ ቅኝት ተቀበለቻቸው። ጣቴን ሰደድኩ። ብረት የለም፤ ያገኘሁት ባዶ ወይራ ነው። መቃኛውን ጠመዘዝኩ፤ አንዱ ድምፅ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። የክራር አውታር እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነውና በመጠምዘዝ ይታዘዛል፤ እኔ ግን ትዝታን ጊታሩ አንገት ላይ ቸንክሬዋለሁ። ሚዜዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። አንዲት ባልቴት "ምነው፣ ፍየል ታረደ እንዴ?" ሲሉ ሰማኋቸው።

የአክስቴ ልጅ ቀዩን ጊታር ከአንገቱ አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። "በል ያዝ" አለኝ። ሄዶ ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ከነበረ ጆንያ ውስጥ ክራሬን አወጣ። ለካ እናቴን ለምኖ ጭኖት ኖሯል። ገመዱን ከሙቀጫዬ ነቅሎ ክራሩ ላይ ሰካ፣ ቃኘና ባቲውን ያዘው። አመታቱ የእኔ፣ አጨራረሱም የእኔ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እያጨበጨበ ለቅሞታል።

ዳሱ ተናወጠ። እኔ የተመኘሁትን ጊታር አንግቼ ቆሜያለሁ፤ ብረቱ ሁሉ በቦታው ነው፣ አንድም የጎደለ የለም። አልነካሁትም። ዓይኔ ክራሩ ላይ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም።

ስንመለስ መኪናው ኋላ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ክራሬን መልስልኝ" ነው።

በሁለት እጁ አቀበለኝ። "እኅቴን ጊታር አምጪልኝ ብዬ የጨቀጨቅኳት እኮ፣ ወንድም ዓለም፣ ክራርህን ስላላስነካኸኝ ነው" አለኝ። አልተቆጣም፤ እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ።

ክራሩን በጉልበቶቼ መካከል አጥብቄ ያዝኩት። ወረታን አለፍን፣ ዓለም በርን አለፍን። ቀዩ ጊታር ከዕቃው ጋር ተጋድሟል፤ እሱ ባዶ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ክራሩን ያያል። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ "እንካ፣ ሞክረው" አላልኩትም።