በሃምሳው የጾሙ እናት

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጫማችንን እንዳወለቅን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ሳን ሆዜ እንደውል ነበር። ሳን ሆዜ የባለቤቴ ታናሽ እህት አለች፤ አማቴም የሚኖሩት እሷ ጋ ነበር። እኛ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ነበርን። የምንደውለው መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ባለቤቴ አጠገባችን ኒውአርክ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ስለምንሠራ፣ አብረን የምናርፈው እሑድ ብቻ ነበር። የሳምንቱን ወሬ የሚያወራው እሱ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የተጋነነውን እቀንሳለሁ።

ወሬያችን እንደ ሌላው የአበሻ ቤት ወሬ አልነበረም፤ ሁለታችንም ከኦርቶዶክስ ወጥተን ሞርሞን ወደሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖት ገብተናል። ኦክላንድ እንደመጣን አንድ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያኑ ጋበዘን፤ ሄድን፣ እዚያው ቀረን። አማቴ ሲሰሙ አልተቆጡም። «እሱ ያውቃል» አሉና ለብዙ ሳምንት ከእኔ ጋር ስለ ብርድና ስለ ዝናብ ብቻ አወሩ። እህትየው ግን ጥያቄዋ አያልቅም። እኛ ጋ ደሞዝ የሚከፈለው ሰባኪ የለም። ከምእመናኑ ሁለት ሦስት ሰው አስቀድሞ ይነገረውና ተዘጋጅቶ መጥቶ ይናገራል፤ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ የጥርስ ሐኪሟም፣ ጺም ያላበቀለው ጎረምሳም። ይህን «ቶክ» እንለዋለን። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶክ ስጥ መባሉን እንደ ሹመት ሲያበስር፣ እህቱ «ወንድም ጋሼ፣ ቄሱን አሟቸው ነው?» አለችው።

የወሩን የመጀመሪያ እሑድ እንጾማለን፤ ሁለት ማዕድ እንዘላለን፣ ውሃም አንቀምስም። አማቴ ይህንንም ሰምተው በጣም አዘኑልን። በሰንበት ይጾማል ብሎ ያስተማራችሁ ማነው አሉ። ቀጥለውም ሁለት ማዕድ መዝለል ጾም ከሆነ አውቶቡስ ያመለጠው ሁሉ ጾመኛ ነው ብለው ሳቁብን። በዚያ ሳቅ መታረቃችንን አወቅሁ።

ከቶኩ ሌላ የማይቀረው ወሬ መጽሐፉ ነበር። ባለቤቴ የእናቱን ታሪክ ሊጽፍ ነው። መቼ እንደሚጨርሰው አይታወቅም እንጂ ሊጽፍ መሆኑን ሳን ሆዜ ያውቃል፣ እዚሁ ጎረቤት ከተማ ዳብሊን ያሉት የአክስቱ ልጆች ያውቃሉ፣ የመጋዘኑ አለቃ ሳይቀር ያውቃል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ የእኔ ባል በአፉ ጤፉን ቆልቶ ጨርሶ ወፍጮ ቤት አድርሶት ነበር። ቢሆንም በየእሑዱ የስልኩ መጨረሻ ላይ እናቱን ይጠይቃል፣ እሳቸውም ይነግሩታል። የቤታቸውን ቆርቆሮ ከማን እንደገዙት፣ የጎረቤቷ ዶሮዎች ምን ዓይነት መልክ እንደነበራቸው፣ ከጎረቤቷ ጋር ጠባቸው ከምን እንደተነሣ። እሱ እያቋረጠ ይስቃል፣ ይጽፋል። እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፉ ይታተማል ብዬ አንድም ቀን አላመንኩም። ግን ሃይማኖት ያራራቃቸው እናትና ልጅ የሚያወሩት በእሱ ሰበብ ስለነበረ እንዳያልቅ እፈልግ ነበር።

አንድ ዓመት በእናቶች ቀን ቶኩን ባለቤቴ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ስለ እናቱ ሊናገር ስለሆነ እናቱን ጋበዛቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አማትበው ገቡ። እህትየው በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላ ጎን ተቀመጥን። እንግሊዝኛውን በጆሯቸው የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ። እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው ነበር።

መጀመሪያ አንዲት ልጅ ተናገረች። ቀጥላ የተነሣችው ሴትዮ ስለ እናቷ ጀምራ ወደ አያቷ፣ ከአያቷም ወደ ቅድመ አያቷ ሄደች። እኛ ጋ ጸሎቱ በሰዓቱ ማለቅ አለበት፤ የፊተኛው ተናጋሪ ያባከነውን ጊዜ የሚከፍለው የመጨረሻው ነው። የመጨረሻው ባለቤቴ ነበር። ቢሾፑ፣ ማለት የጉባኤያችን መሪ፣ ሰዓቱን በዓይኑ ሲያሳየው አየሁ። እሱም ራሱን ነቅንቆ ተነሣ።

የተናገረው አጭር ነበር። አባቱ በሞተ ዓመት እናቱ ሳህኑን በእሱና በእህቱ ፊት አድርገው «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እናንተ ብሉ» ይሉ እንደነበር ተናገረ። ከዚያም፣ ጾም አልነበረም አለ፤ ምግቡ ለሦስት አይበቃም ነበር። በዚህ አሜን ብሎ ተቀመጠ። ከፊታችን ያሉት ሴቶች ዓይናቸውን ይጠርጉ ጀመር። እኔም እያለቀስኩ እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩላቸው። አማቴ እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሡ።

ሲያልቅ ሰው ተሰልፎ አቀፋቸው። ጎረምሶቹ ለእናቶች የሚያድሉትን አበባ ሰጧቸው፤ «ታንክ ዩ» ብለው ተቀበሉ።  ቤት ገብተን ምሳ ስናቀርብ ባለቤቴ ወደድሽው ወይ አላቸው።

«ጾም ነበር» አሉ አማቴ። «ስጾም ነበር። ጾሜን ረሃብ አደረግህብኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ቶክ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማናቸውም። እኛ ነገሩ የገባን በራሳችን መንገድ ነው። እዚያ መድረክ ላይ የደረሰብህን ችግር አውጥተህ ትናገራለህ፣ ሰው አብሮህ ያለቅሳል፣ እንደ በረከት ይቆጠራል። አማቴ ደግሞ ገመና ይሸፈናል ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። የቤቴን ጉድ ለባዕድ አወጣብኝ ብለው ነው አልን። ባለቤቴ ሳን ሆዜ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር አማላጅ ላከ። ይቅር ብያለሁ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደውሎ እንደ ልማዱ ሲጠይቃቸው ግን «ረሳሁት ልጄ» አሉት። በሌላውም እሑድ ረሳሁት። የጎረቤት ዶሮ መልክ የማይረሱት ሴት ሁሉንም ረሱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብለው ዘጉት።

ዓመታት አለፉ። መደወላችንን አላቋረጥንም። የሚታጠፈው ስልክ ቀርቶ ፊት የሚያሳየው መጣ። ባለቤቴ ቶክ መስጠቱንም አላቆመም፤ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አሥራት፣ ስለ ጎረቤት ተናገረ። እናቱን ግን አላነሣም። ዳብሊን ያሉት ዘመዶቹ መጽሐፉ የት ደረሰ ሲሉት «ኦቨርታይም በዝቶብኛል» ይላል። ሲዋሽ አውቀዋለሁና ወደ ሌላ ወሬ አሻግራቸው ነበር።

አማቴ ታመው ሳን ሆዜ ሆስፒታል ሲተኙ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀን ቀን እኔ አስታመምኳቸው። በሽተኛ ማስታመም ሥራዬም ነው። አንድ ጠዋት ቁርሳቸው መጥቶ በማንኪያ ላጎርሳቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ያኔ ልጄ የተናገረው እውነት ነው» አሉኝ። «ጾም አልነበረም። በሃምሳው ማን ይጾማል?»

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም እኔም አውቃለሁ፤ ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ማን አያውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በማይጾምበት ጾምኩ ብዬ ዋሸሁ አሉ። ታዲያ ለምን ያን ያህል አዘኑ አልኳቸው፣ ለፈረንጅ ስለተናገረ ነው?

«ፈረንጅ ምኔ ነው? እሱ የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር። ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል፣ ጠግቦ በልቷል ብዬ ስንት ዓመት ተጽናናሁ። ለካ እያወቀ ነው የጎረሰው። እንዴት ብሎ ወረደለት ልጄ?»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለቤቴ ፈረቃውን ጨርሶ ሲደርስ እንደተኙ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አላወቁም፤ በዚያው ሳምንት ዐረፉ። በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ በራሳቸው ካህናት ጸሎተ ፍትሐት ተደረገላቸው። ባለቤቴ እንደ እንግዳ ከኋላ ቆመ። ልቤ ተሰበረለት።

የሰማሁትን ቶሎ አልነገርኩትም። ሐዘን ላይ ሐዘን አልጨምርም ብዬ አርባቸው እስኪወጣ ቆየሁ። አርባው ባለፈ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ የምንደውልበት ሰዓት ሲደርስ፣ እሳቸው ስለሌሉ ስልኩን ሳናነሣ ተቀምጠን ሳለ ነገርኩት። እናትህ የተቀየሙህ ለሰው ስለነገርክ አይደለም፤ ያኔ እያወቅህ የበላህ ስለመሰላቸው ነው አልኩት።



«እኔ ያኔ የት አውቄ!» አለ። «አላውቅም ነበር እኮ።»

ያወቀው እዚህ አሜሪካ መጥቶ ነው። ሞርሞን በሆንን በመጀመሪያው የጾም እሑድ፣ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆዱ ሲጮህ እናቱ ትዝ አሉት። ጾመኛ ነኝ ያሉት የፋሲካ ልብሱ ገና አዲስ ሳለ እንደነበር አስታወሰ። ፋሲካ ካለፈ ደግሞ ጾም የለም። ጎልማሳ ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ያኔ ገባው። ያን ቀን ማልቀሱን አስታውሳለሁ፤ እኔ ደግሞ መንፈስ ነክቶት መስሎኝ እጁን ይዤ ደስ ብሎኝ ነበር። በእናቶች ቀን ሊናገር ተዘጋጅቶ የነበረውም ይህንኑ ነው። ሰዓት የለም ሲባል የቆረጠው መጨረሻውን፣ ሳያውቅ መብላቱንና ዘግይቶ መረዳቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት እሑድ ደወልን። ማን ቶክ እንደሰጠ፣ ማን ሊሰጥ እንደሆነ፣ ኒውአርክ ማን ከሥራ እንደተባረረ ሁሉ አወራንላቸው። ይህችን ግን እሱም ለመናገር አላሰበም፣ እሳቸውም አልጠየቁም፣ እኔም መሃል ተቀምጬ አላወቅሁም። ያንገበግበኛል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ባለቤቴ ስልኩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ጠግቤ ነው የበላሁት» አለ። «እንዲያውም ጨምሪልኝ እላት ነበር። እማዬ መስማት የፈለገችው ይህን ብቻ ነው?»

«አዎ» አልኩት።