የቁስቋም ግንብ ብቻውን

ያለፈው ኅዳር ነው። መርዶ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ ከአዳነ ጋር አንድ ሱቅ እንሠራለን። አዳነ ጎንደሬ ነው፤ ያደገው እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ከቁስቋም ግንብ ሥር ነው። አቤት ጉራው! «ይኼ ጆሃንስበርግ የምትሉት ባዶ ሜዳ ሳለ፣ የኛ ግንብ ተሠርቶ አልቆ ነበር» ይለኛል። «ታዲያ ጣሪያው የት ሄደ?» እለዋለሁ። እንሳሳቃለን።

በየዓመቱ ለቁስቋም ንግሥ እናቱ ነጭ ለብሰው፣ ከፈረሰው ግንብ ደጃፍ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። እህቱ ስመኝ ትልክለታለች። ለደንበኛ ሁሉ ያሳያል። የዙሉ ሴቶች ሳይቀሩ «ጎጎ ደህና ናት?» ይሉታል፤ አያት ማለታቸው ነው።

አምና ንግሡ ሊደርስ ሲል ስመኝ ለእኔ ደወለች። እናታቸው አርፈዋል። «ለብቻው እንዳይሰማ፣ አደራ!» አለችኝ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ያላቸው ያገር ልጅ ወንድሞች ሱቃቸውን ዘግተው እስኪመጡ ብለን ለእሑድ ቀጠርን። እስከዚያ እኔ ከጎኑ እንዳልጠፋ ተባለ። ወይ ጣጣ! ሲስቅ አብሬው እስቃለሁ፤ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

የንግሡ ዕለት ስልኩ ጮኸ። ስመኝ ፎቶ ልካለች። ፎቶው ከቀረ ይጠረጥራል ብላ ነው፣ ምስኪን። ግንቡን ብቻውን አንስታ «እማዬን ጉንፋን ይዟት ቤት ቀርታለች» ብላ ጽፋለች።

አዳነ ፎቶውን በጣቱ አስፍቶ አየው። ድንጋይዋ ላይ ማንም የለም።

«እናቴ ወባ እያንቀጠቀጣት እንኳ ከንግሥ ቀርታ አታውቅም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም ታውቅ ኖሯል?»

መዋሸት አቃተኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

እዚያው ከስኳሩ ጆንያ ጎን ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ዳቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት ደንበኛችን ስልኩንም እሱንም አየች። «ጎጎ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ሴትየዋ ዳቦውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ይዛ ታለቅስ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው ይሰበሰብለታል ያልነውን ሰውዬ፣ ያስተዛዘንነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

እሑድ ማለዳ ወንድሞች በር ሲያንኳኩ የከፈተላቸው ራሱ አዳነ ነው።

አሁን ያ ፎቶ ታጥቦ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ድንጋይዋ ይሄዳል። አዳነ ስለ ግንቡ ማውራት ትቷል። እኔም ስለ ጣሪያው አልጠይቀውም። አንድ ቀን እንደ ድሮው ቢጎርርብኝ ምን ነበረበት!