የመምህር አሻግሬ ንፍሮ

መምህር አሻግሬ መካነ ሰላም ላይ ስፖርት ያስተምሩን ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ ብለው ሥጋውን ትተው፣ ከልምምድ በኋላ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ያቀርቡልን ነበር። ጡንቻ የሚያወጣ መርፌ አለ ሲባል ይቆጣሉ። «ጉልበት ከድስት እንጂ ከመርፌ አይወጣም፤ ብሉ» ይሉናል።

በስልሳ አምስቱ ድርቅ ሩጫውን አስቆሙን። «ሳይበሉ መሮጥ የገዛ ሥጋን መብላት ነው» አሉ ድምፃቸው ዝሎ። ብዙም ሳይቆይ ቃሬዛ የሚሸከም ጉልበት የቀረው እኛ ዘንድ ብቻ ሆነ፤ ስንቀብር ሰነበትን።

አንድ ቀን ከመምህር ጋር የጓደኛችንን የቸኮልን እናት ቀብረን ተመለስን። ለቀባሪ ንፍሮ ማቅረብ ወግ ነውና፣ ቸኮል ለራሱ የማይበቃውን እፍኝ ባቄላ ቀቅሎ በሰፌድ አዞረልን። እጃችንን ሳንሰድ መምህርን አየናቸው። «ብሉ» ማለት አቃታቸው።