የሀዋሳው ዕቁብ

«ብሩ ማን እጅ ነው?»

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። ልጄ ሕይወት ወልቂጤ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከጓደኞቿ ጋር አርባ ምንጭ ለመሄድ ስልኳ ላይ ሒሳብ ትሠራለች። የሚኒባሱን፣ የአልጋውን፣ የምሳውን ደምራ ለስምንት ታካፍላለች፤ አልጋውን ቀንሳ እንደገና ታካፍላለች። ሌላ እናት ብትሆን መጀመሪያ «ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» ትል ነበር። እኔ ስለ ብሩ ጠየቅኩ።

«አንድ ልጅ ነው የሚይዘው፤ ሁላችንም በስልክ እንልክለታለን» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ልጅ?»

«እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ።»

ጠርጣራ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ባለሱቁ «ለአንቺ ብዬ ነው» ሲለኝ ዓይኔ ቀጥ ብሎ ሚዛኑ ላይ ነው። ሰው ያለ ምክንያት ሲስቅልኝ ቦርሳዬን እዳስሳለሁ። ልጄ ይህ ጠባይ ከንግድ የመጣ ይመስላታል። አንዴ ምን እንዳስከፈለኝ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ቡታጅራ ነበርኩ፤ አክስቴ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ክረምት ነው፣ ገበያው ቀዝቅዟል፣ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰዒዳ ጣቃ ላይ ተቀምጠን ዝናቡን ስናይ እንውላለን። ሀዋሳ የመሄዱን ነገር ያመጣችው ሰዒዳ ናት። ሐይቁን ከሁለታችን አንዳችንም አይተነው አናውቅም። ሴት ለብቻ አትሄድም ስለተባለ ወንዶች ተጨመሩ፦ በአጎቱ ቆርቆሮ መሸጫ የሚሠራው ከድር፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት የሚሰፉ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ እና ተካ። ተካ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሲናገር ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል። እኔም እሰማዋለሁ።

ሒሳቡን አክስቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ሠራነው። መኪና እስከ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ሀዋሳ፣ ደርሶ መልስ። ለሁለት ሌሊት ሦስት ክፍል፤ አንዱ ለሴቶቹ፣ ሁለቱ ለወንዶቹ። የጀልባ። ያስቸገረን ምግቡ ነበር። ሰዒዳና ከድር የእስላም ሥጋ፣ እኛ የክርስቲያን፤ ሁለት ሥጋ ቤት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ዋጋ። በዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ከተከራከርን በኋላ ከድር «ሐይቅ ዳር ሄዳችሁ ሥጋ ምን ያደርግላችኋል፤ ዓሣ እንደሁ ማንም አያርደውም» አለና ገላገለን። ለመንገድ ቆጮና አይብ ከየቤታችን እንይዛለን ተባለ፤ አንድ ምሳ ከሒሳቡ ወጣ። ለአንድ ሰው ሁለት መቶ አስር ብር ደረሰ። በስድስት ሳምንት ሲካፈል ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት ብር።

እዚህ ላይ ነው የኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራውን ስህተት የሠራነው። ሌላው ቢሆን ብሩን አንድ ሣጥን ውስጥ ያጠራቅም ነበር። እኛ ግን የነጋዴ ልጆች ነን። «ብር ስድስት ሳምንት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ምን ይሠራል?» አለ አንደኛው ልብስ ሰፊ፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ዕቁብ ገባን። በየእሑዱ ስድስታችን ሠላሳ አምስት እናዋጣለን፣ ዕጣ የወጣለት ሁለት መቶ አስሩን ይዞ ይሄዳል። ተካ ዳኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ዕጣ ደግሞ በወጉ ዳኛ ነው የሚወስደው። ዋስ አምጣ ሲባል ዞር ብሎ አየኝ። እኔም እሺ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ሰዒዳ ጨርቅ የምታጣጥፍ መስላ ጠጋ አለችኝና «ተካ ለመስቀል ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሏል» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ፊቴን ግን አላሳየኋትም። «ከሀዋሳ ስንመለስ እነግረዋለሁ በዪው» አልኳት። ሰውን ማወቅ ከፈለግሽ ብር አስይዢው ትል ነበር አክስቴ። እኔም ቁጭ ብዬ ላየው ወሰንኩ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ስደምር ስቀንስ፣ የጉዟችን ብር የትም የለም። ያዋጣነውን ሁሉ ዕጣ የደረሰን ወስደነዋል። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም የሰጠውን ያህል ወስዷል፤ የጋራ የሚባል አምስት ሳንቲም አይኖርም።

«ወላሂ ልክ ነሽ» አለች ሰዒዳ ስነግራት፣ ዓይኗ ፈጥጦ። እሷ በደረሳት ብር የሻሽ ንግድ ጀምራበታለች።

ተካ ዘንድ ሄድኩ። ጆንያ እየቆጠረ ነበር። «የምንሄድ ቀን ሁሉም ሁለት መቶ አስሩን ይዞ ይመጣል» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ያልያዘስ?»

«ዋስ አለው።»

የእሱ ዋስ እኔ ነኝ። ይህን ሲለኝ ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ ፈገግታውም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደው አስቦበት ነው? ዋስ ሁኚኝ ያለኝስ እምቢ እንደማልለው አውቆ ነው? ሽማግሌ የሚለውስ ነገር አፌን ለመዝጋት ቢሆን?

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ፤ እነሱም እርስ በርስ ተጠራጠሩ። ከድር አዲስ ጫማ ሲያደርግ ሁላችንም እግሩን አየን። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ ሲታመም ሌላው «እውነት አሞታል?» ተብሎ ተጠየቀ። በገበያ ቀን አክስቴ እንሴኖ ከተማ ልካኝ ተካን በርበሬ ተራ አየሁት። ከአንዲት ነጋዴ ሴት ጋር እየሳቀ በርበሬ ያፍሳል፣ ያሸታል፣ ይመልሳል። አላየኝም። ብራችን በርበሬ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ እርጥበት። ሻግቶ ቢቀር የምከፍለው እኔ ነኝ። ሴትዮዋስ ማን ናት? ቤቴ እስክደርስ ይህን ሁሉ ሳመነዥክ ሄድኩ።

ፍልሰታ ተፈታ፣ የመሄጃችን ቀን ደረሰ። በማለዳ መናኸሪያ ተገናኘን፤ ስድስታችንም መጥተናል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ረዳቱ «ዝዋይ፣ ዝዋይ» ይላል። ቆጯችን በኮባ ተጠቅልሎ ሰዒዳ ዘንቢል ውስጥ ሆኖ ይሸታል። ብር የሚያወጣ ግን የለም።

«በሉ እንጂ» አለ ከድር።

«አንተ አስቀድም» አለችው ሰዒዳ።

«እኔ ለምን እቀድማለሁ? ልብስ ሰፊዎቹ ያውጡ።»

«ዳኛው እያለ?» አሉ ልብስ ሰፊዎቹ።

እኔም እጄን ደረቴ ውስጥ ካስቀመጥኩት ብር ላይ አላነሳሁም። ሁላችንም ኪሳችንን ይዘን ስንፋጠጥ መኪናው ሞልቶ ሄደ።

ተካ የመኪናውን ጀርባ አየ፣ እኛንም አየ። ከዚያ ከጃኬቱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ብር አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ዋሴ ትቁጠረው» አለ።

ቆጠርኩት። ዝርዝር ብር ነው፣ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ አስነጠሰኝ። ሁለት መቶ አስር ሞላ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እያንዳንዱን ብር እየነጠልኩ፣ የተጣበቀ እንዳለ እያሻሸሁ። አሁንም ሁለት መቶ አስር። ሌሎቹም አንድ በአንድ አወጡ። የማንም አልጎደለም። ሁሉም ሳቀ፣ ተካም ሳቀ፣ በሚቀጥለው መኪና ሄድን።

ሀዋሳ የተባለውን ያህል ነበረች። ሐይቁ ከዓይን ያልፋል። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን፤ ከድር ብቻውን ሦስት ጨረሰ። እኔ ደግሞ ልቤ ቀሎኛል። ሰውዬው ታማኝ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንግዲህ እሺ እለዋለሁ። እስክንመለስ መጠበቅ እንኳ አልፈለግኩም። ማታ ሐይቁ ዳር ስንንሸራሸር ወደ ኋላ ቀርቼ ጠበቅኩት።

እሱ ቀደመኝ። «አስኩ፣ ያንን የሽማግሌ ነገር ትቼዋለሁ» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ስለቆጠርኩ ነው? ብር ይቆጠራል እኮ።»

«ይቆጠራል። እኔም ብሆን እቆጥራለሁ» አለ በዚያ በቀስታ አነጋገሩ። «ሁለተኛ ስትቆጥሪው ግን ፊትሽን አየሁት። ጎድሎ ብታገኚው ደስ የሚልሽ ትመስዪ ነበር።»

በነጋታው ጀልባ ላይ ከሰዒዳ ጎን ተቀመጥኩና ውሃው ረጭቶኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። መስቀል መጣ፣ ሄደ፤ ቤታችን የመጣ ሽማግሌ አልነበረም።

በኋላ ወልቂጤ አገባሁ። ባለቤቴ ደህና ሰው ነው፤ እሱም እንደኔ ቆጣሪ ስለሆነ ተስማምተን እንኖራለን። ተካ አዲስ አበባ ትልቅ ነጋዴ ሆኗል ሲሉ እሰማለሁ። ለብዙ ዓመት ተናድጄበት ነበር፤ ወንድ ልጅ አንዴ ፊቴን አይቶ ይህን ያህል ይኮራል እያልኩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ግን ያየው ነገር ልክ ነበር። ቢጎድል ይሻለኝ ነበር። ቢጎድል «አላልኩም?» ብዬ ወደ ጨርቄ እመለስ ነበር። ሞልቶ ሲገኝ እሺ ከማለት ሌላ ሰበብ አልቀረልኝም፤ እሺ ማለቱን ደግሞ ከመጠን በላይ ስለፈለግኩት ፈራሁት።

«እማ፣ ታዲያ ብሩን ልላክለት ወይስ ይቅር?» አለች ሕይወት፣ ስልኳን እንደያዘች።

«ላኪለት» አልኳት። «ልጁንም አንድ ቀን ለምሳ ይዘሽው ነይ። ልጠረጥረው አይደለም፤ እንዲያው ላየው ፈልጌ ነው።»

አላመነችኝም።