ለብቻው ፀሐይ የወጣለት ሰው

ጥላ መሥራት እወዳለሁ። የምን እወዳለሁ ብቻ፣ አብዳለሁ! ሰው በኳስ ያብዳል፣ በፊልም ያብዳል፤ እኔ ደግሞ ከአንድ ፊደል ሥር ጥላ አስገብቼ ፊደሉ ከወረቀቱ ብድግ ሲል ሳይ ልቤ ይዘላል። አምቦ ውስጥ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ባለች አንዲት የኅትመትና የፎቶ ቤት ስቀጠር መጀመሪያ የተማርኩት እሱኑ ነው፤ ድሮፕ ሻዶው። አለቃዬ ለሁሉም ነገር መድኃኒቱ አንድ ነበር። የሥጋ ቤቱ ታፔላ ደበዘዘ? «ሻዶው ጨምሪበት!» የሠርግ ካርዱ ቀዘቀዘ? «ሻዶው ጨምሪበት!» ኦሮምኛውና አማርኛው አንድ ባነር ላይ ተጨናነቁ? ያው ነው። አንዳንዴማ ሻዩ ሲቀጥንበት እንኳ ሻዶው ጨምሩልኝ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ሌላው የቤታችን ሙያ ሱፍ ማልበስ ነው። የሞተ አባቱ ወይም ወንድሙ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ እንዲታይለት የሚፈልግ ሰው ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል። እኛ ፊቱን ቆርጠን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ በተቀመጠ ባለ ሱፍ ገላ ላይ እንገጥመውና ከልጆቹ ጎን እናቆመዋለን፤ ከዚያ ያው ሻዶው። ሱፉ ሰማያዊ ነው፣ ከረባቱ ቀይ። ሌላ የለንም። ገበሬም ይሁን አስተማሪ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ እኛ ጋ የመጣ ሟች ሁሉ ያንኑ ሱፍ ነው የሚለብሰው። በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስንቱን እንዲህ እንደሰቀልን እግዜር ይወቀው!

ታዲያ አንድ ቀን ከጊንጪ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው በጭልሞ ደን በጥበቃ ሲሠሩ ኖረው፣ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው ያረፉት። አሁን ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው። ጋዋን እንደታደለች ቤት ብቅ ብላ፣ ግቢያቸው ውስጥ ፎቶ ተነሥታ ተመልሳለች። እናትየው ያንን ፎቶ በስልካቸው፣ የባለቤታቸውን ጉርድ ፎቶ ደግሞ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። የፈለጉት፣ እሁድ በምርቃቷ ድግስ ላይ፣ አባቷ አጠገቧ የቆመበትን ትልቅ ፎቶ እሷ ሳታስበው ሊገልጡላት ነው።

«ግን የኔ ልጅ፣» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ጎረቤቴ እንደዚሁ አሠርታ ነበር። ድግሱ ላይ ቢገለጥ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሟቹ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሊበር የተነሣ ነው የሚመስለው። እሷም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የኔ ባል በቁሙ ማንም ስቆበት አያውቅም። ሞቶ እንዳይሳቅበት። አደራሽን!»

«የሚስቅ ካለ ከእኔ ጋር ነው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። የጎረቤትየዋን ፎቶ ማን እንደሠራው ግን አልጠየቅኳቸውም። መልሱን ፈርቼ ነው።

እሳቸው ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ እኔ ሥራዬን ጨረስኩ። ፊቱን አጠራሁ፣ ሱፉን አለበስኩት፣ ከልጅቷ በስተቀኝ አቆምኩት፣ ሻዶውን ሰጠሁት። ሲመጡ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«እሱ ነው፣» አሉ በመጨረሻ። «ፊቱስ እሱ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ግን እዚያ የቆመ አይመስልም። ይስቁበታል።»

ደሜ ፈላ። በእሳቸው አይደለም፣ በራሴ። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ «ሻዶው ጨምሪበት እንጂ!» አለ። ጨመርኩ። ባሰበት! ሰውየው ጭራሽ ከመጽሔት ተቆርጦ በማስቲሽ የተለጠፈ መሰለ። ያኔ ደግሞ ዳታ የተዘጋበት ሰሞን ስለነበር ቪዲዮ አይቶ መላ መፈለግ የለም። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁና በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መንገዱን አያለሁ እንጂ ልቤ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነው። የጋሪ ፈረስ አለፈ። ባጃጅ አለፈ። ተማሪዎች አለፉ። ቆይ እስቲ! የፈረሱ ጥላ ወደዚያ። የባጃጁም ወደዚያ። የመብራቱ ምሰሶ፣ ሸንኮራ የምትሸጠዋ ሴት፣ እኔ ራሴ፣ ሁላችንም ጥላችን ወደ አንድ ወገን ተኝቷል! ደግሞ የማንም ጥላ ጀርባው ላይ አልተለጠፈም፤ ከእግሩ ይጀምርና መሬት ለመሬት ይሄዳል። እግሩ ሥር ጠቆር ይላል፣ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። አስፋልቱ ላይ ግራጫ ነው፣ አፈሩ ላይ ቡናማ። ጥቁር የሆነ አንድም የለ! ሥራዬ ብዬ ጥላ ስሠራ ከርሜ፣ ጥላ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። የጋሪው ነጂ መሬት መሬቱን ሳፈጥ አይቶኝ «ምን ጠፋሽ፣ እህቴ?» አለኝ።

«አገኘሁት!» ብዬው ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ፎቶውን ሳየው ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ልጅቷ ጥላዋ ወደ ግራ፣ ወደ ማድ ቤቱ ነው የተኛው። የአባትየው ወደ ቀኝ! ፎቶሾፑ ካልነካኩት በቀር ጥላን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታች ነው የሚጥለው፤ እኛ ቤት ደግሞ ማንም ነካክቶት አያውቅም። አባትና ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ቆመው፣ ለእሱ ለብቻው ሌላ ፀሐይ ወጥቶለታል። ታዲያ እንዴት አብሯት ይሁን!

«እናቴ፣» አልኳቸው እየተንተባተብኩ፣ «ነገ ካሜራ ይዤ እቤትዎ እመጣለሁ። የሟቹ ልብስ አለ?»

«ካፖርቱ አለ። ቦት ጫማውም አለ።»

«ቁመቱ እንደሳቸው የሆነ ሰውስ?»

«ወንድሙ አለ። ከኋላ ሳየው እስካሁን ያስደነግጠኛል።»

አለቃዬ ግራ ገብቶት «ሱፉስ?» አለ።

«ሱፉ ጡረታ ይውጣ!» አልኩት።

በማግስቱ ጊንጪ ስደርስ ወንድምየው ካፖርቱን ለብሰው፣ ቦት ጫማውን አጥልቀው በር ላይ ይጠብቁኛል። «አካም ጅርታ!» ብለው እጄን ጨበጡኝና ካፖርቱን እየዳበሱ፣ «ይሄን ስንት ዓመት ለመንኩት፤ ሳይሰጠኝ ሞተ። ይኸው አንቺ አለበስሽኝ!» አሉ። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

ልጅቷ በቆመችበት በስተቀኝ፣ ከበሩ አጠገብ አቆምኳቸው። ፀሐይዋ ግን ልጅቷ ፎቶ ስትነሣ የነበረችበት ቦታ መድረስ አለባት። በፎቶው ላይ የጣሪያው ጥላ የመስኮቱን ደፍ ነክቷል። እሱን እያየን ጠበቅን። ደመና መጣ። እሁድ ደርሷል፣ ሌላ ቀን የለንም። ደግነቱ ደመናው ሄደ። ጥላው ደፉን እንደነካ «አሁን! እንዳይንቀሳቀሱ!» ብዬ ስጮህ የግቢው ዶሮዎች ተበታተኑ።

አምቦ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። ገላው የወንድምየው፣ ፊቱ የሟቹ። የወንድምየውን ጥላ ከነአፈሩ ካልሆነ ቆርጬ ማውጣት ስለማልችል፣ እሱን እያየሁ የራሴን ሠራሁ። የሰውየውን ቅርጽ ገልብጬ በአንድ ቀለም ሞላሁት፣ ከእግሩ ይዤ መሬት ላይ አስተኛሁት፣ ወደ ግራ ሳብኩት፣ ከግቢው አፈር ቀለም ቀላቀልኩበት፣ ጫፉን አሳሳሁት። ሰውየው መሬት ረገጠ! እውነቴን ነው፣ ክብደት አወጣ! ቦት ጫማው አፈሩን የተጫነው ሁሉ መሰለኝ።

ጥላው እየረዘመ ሄዶ የልጅቷ ጋዋን ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ልቆርጠው ነበር። እንዴ! ጥላ ልብስ ሲያገኝ ይወጣበታል እንጂ መች ይቆማል? በጋዋኑ እጥፋት ልክ አጠፍኩትና ወደ ላይ አወጣሁት። ያኔ አባትና ልጅ ተነካኩ። ብድግ ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቷል። አለቃዬ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ። ሻዶው ጨምሪበት ሳይል ሲያይ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

እሁድ ተጠርቼ ሄድኩ። ያው ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎበታል፤ ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወንድምየው ጠጋ ብለው «እግሩ የኔ መሆኑን ለማንም እንዳትናገሪ፣» አሉኝ። ጨርቁ ሲገለጥ ፎቶውን አላየሁም። የሰዉን አፍ ነበር የማየው፤ ማን ይሆን ቀድሞ ፈገግ የሚል እያልኩ። ማንም የለም። ልጅቷ ተነሥታ ወደ ፎቶው ሄደች። የአባቷን ፊት አይታ፣ ከዚያ ዓይኗ ጥላውን ተከትሎ ወደ ታች ወረደ። ጎንበስ ብላ የለበሰችውን ጋዋን ጫፍ ያዘች። ያዘችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። እናቷም፣ እኔም ተከተልናት።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ «የኔን ባል ፎቶ እንደገና ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ያቺ የተሳቀባት ጎረቤት ነች። «በነጻ!» አልኳት፣ ሳላስበው።

ምሳ ሲቀርብ መቀመጫ አነሰ። ሁለት ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡና ከበሩ አጠገብ ሊያስቀምጡት ጎንበስ አሉ። እናትየው ትሪ እንደያዙ ከወዲያ ማዶ ጮኹ።

«ኧረ እዚያ አይሆንም! እሱ የቆመበት ነው፤ ወደዚህ ሳቡት።»

ማንም አልሳቀም። ጎረምሶቹ «ይቅርታ» ብለው አግዳሚውን አንሥተው ወደ አጥሩ ወሰዱት።