በላጲስ የጠፋው መልሴ

ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የተሳሳተችውን በላጲስ ስትፈትገው፣ ያ ሞቅ ያለ የጎማ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ ይመጣና እጄ ከያዘው ሥራ ቆም ይላል፤ ወዲያው መካነ ሰላም፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ እገኛለሁ።

በመስከረም አባቴ ከወግዲ አምጥቶኝ፣ አክስቴ ቤት አስቀምጦኝ ተመለሰ። በወር አንዴ ለገበያ ሲመጣ በሶና ሽሮ ይዞልኝ እየመጣ፣ «ጓደኛ አገኘሽ ወይ?» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ሞልተውኛል፣ አባ» እያልኩ እዋሸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ግን ግድግዳ ተጠግቼ፣ የማነብ መስዬ፣ ደወሉ እስኪደወል ብቻዬን እቆም ነበር።

ጥር ላይ፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣ ስለ ተማሪዎች ጤና የሚያጠኑ ሁለት ሰዎች መጥተው ስም የማይጻፍበት መጠይቅ አደሉን። ቁርስ ትበላላችሁ ወይ፣ እጃችሁን በሳሙና ትታጠባላችሁ ወይ፣ ጫት ቅማችሁ ታውቃላችሁ ወይ ይላል። «ፈተና አይደለም፣ የየራሳችሁን ጻፉ» ቢሉንም፣ ወረቀት ታድሎ ፈተና አይደለም ቢባል ማን ያምናል? በመንፈቁ አንደኛ ወጥቼ ስለነበር፣ ከጎኔ የሚቀመጠው ይማም፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንገቱን አስግጎ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ይኮርጅ ጀመር።

«አንተ፣ ‹ሴት› የሚለውን ከበብክ እኮ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንደኛ የወጣሽው አንቺ! እኔ ምን አውቄ?»

ሳቄን አፍኜ ስቀጥል፣ «ስንት የቅርብ ጓደኛ አለህ/አለሽ?» የሚለው ላይ ደረስኩ። ሳቄ እዚያው ቀረ። አባቴን ብዋሽም ወረቀቱን መዋሸት ፈራሁና «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ይማም ይህንንም ይኮርጃል ስል እርሳሱን አስቀመጠ፤ ላጲሱን አውጥቶ፣ ወረቀቴን ወደ ራሱ ስቦ መልሴን አጠፋውና፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ «አንድ» ብሎ ጻፈበት።

«ተሳስተሽ ነው፤ አብሽሪ» አለኝ።

በቀጣዩ ገበያ አባቴ ሲጠይቀኝ «አንድ አለኝ» አልኩት።

«‹ሞልተውኛል› ትዪኝ አልነበር እንዴ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ይማም ባለቤቴ ከሆነ በኋላም፣ «እናትሽን የተዋወቅኋት ሴት ሆኜ ነው» እያለ ልጃችንን ያስቃት ነበር።

እሱ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነ። ዘንድሮ ልጄም ትምህርት ቤት እንዲያ ያለ መጠይቅ ሞልታ መጣች፤ በታብሌት ነው አሉ፣ እንዳይኮራረጁ ተራርቀው ተቀምጠው። ደግ አድርገዋል፤ የሰው ምስጢር መጠበቅ አለበት። እኔን ያን ጊዜ እንዲያ አራርቀው አስቀምጠውኝ ቢሆን ኖሮ ግን፣ «ምንም» ያልኩት እንዳለ ይሄድ ነበር።