የሰዓቱ ሞላ የተፈታ ዕለት

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ጠፍቶብኛል። የማውቀው የኛ ሁዳዴና የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን የገጠሙበት በልግ እንደነበር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ትዕግሥት ባታነሣብኝ ኖሮ ነገሩን ራሱን ረስቼው ነበር።

ትዕግሥት መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ደጅ ፀሐይ እየሞቅሁ ቆሎ ስቆረጥም ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ አንድ እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃል ልንገርዎት?»

«እኔ አማርኛውን እንኳ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። በይ ንገሪኝ።»

«ሜይንስፕሪንግ። ሰውን ለሥራ የሚያነሣ፣ ነገሩን ሁሉ ከውስጥ ሆኖ የሚያንቀሳቅስ ኃይል ማለት ነው። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።»

«ከየት አመጡት?»

«ከሰዓት። ሜይን ዋና ነው፣ ስፕሪንግ ደግሞ ሞላ። ያ ቁልፉ ሲጠመዘዝ የሚጠቀለለው፣ ኋላ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሱን ሁሉ የሚያዞረው የሰዓት ሞላ ነው መነሻው። ከዚያ ለሰውም ተባለ።»

ቆሎው እጄ ላይ ቀረ። እኔ ሞላን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ፋኖስና ማሾ እጠግን ስለነበር መንደሩ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። ጎረቤታችን ሼህ አሊ ቁርአን የሚያስቀሩ ደግ ሰው ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ ለሱሁር ምግባቸው የሚቀሰቅሳቸው ባለ ደወል ሰዓት ቆመባቸውና አስጠሩኝ። ጀርባውን ስከፍተው ውስጡ የረጋ ቅቤ ሞልቶታል።

«ሼህ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ሲንጫጫብኝ ጊዜ ትንሽ ላለስልሰው ብዬ ነው።»

«አለሰለሱት? አጠገቡት እንጂ!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። «ሰው በሚጾምበት ወር ሰዓቱን ቅቤ አብልተው አስተኙት!»

«ኧረ እኔስ ሁዳዴ ላይ አይደለሁም እንዴ? ቅቤ አስነካችሁኝ» አልኩ።

«ጣትህን አትላስ እንጂ መንካቱስ ግድ የለም» ብለው ሼሁ ሳቁ።

አገራችን ብርድ ነው። ቅቤው ረግቶ ጥርሱን ቀፍድዶ ይዞታል። ሼሁ ደግሞ ቁልፉ ያለቀ እየመሰላቸው በቆመ ቁጥር ሲጠመዝዙት ከርመዋል፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ሞላው እስኪበቃው ተጠቅልሎ፣ መፈቻ አጥቶ ታፍኗል። እኔ ምኑን አውቄ! ቅቤውን በደንብ ልጥረገው ብዬ ፊቴን አስጠጋሁና አንዱን ብሎን ፈታሁ።

ምን ልበላችሁ። አለንጋ ጆሮዬ ሥር የጮኸ መሰለኝ። ግራ ዓይኔ ድርግም አለ፤ ትኩስ ነገር በጉንጬ ወረደ። ሼሁ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ሲሉ ይሰማኛል። እፍኝ የማትሞላ፣ ስንት ቀን ዝም ብላ የተቀመጠች ዕቃ ያን ሁሉ ጉልበት የት ደብቃው ኖሯል? ዓይኔ የፈሰሰ መሰለኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ዓይኔ ሮጠ።

አልደረሰም። የሼሁ ባለቤት ከጓዳ በምን ፍጥነት እንደወጡ አላውቅም፣ ሁለቱን አንጓዎቼን ጨምድደው ያዙ።

«አትንካው!»

«ይቆረቁረኛል እትዬ!»

«ይቆርቁርህ! ብታሸው ትታወራለህ።»

ሼሁ ቀድመው ሮጠው ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ አንድ የእህል መኪና አስቆሙ። ባለቤታቸው እጄን ሳይለቁ ጆንያ ላይ ወጣን። ከጠዋት የጀመረው ካፊያ አላባራም፤ መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ዓይኔ ውስጥ መርፌ የሚዞር ይመስለኛል። በየጊዜው እጄን ለማስለቀቅ እታገላለሁ፤ እሳቸው ይብሱን ያጠብቃሉ። ከእርጥብ ጆንያና ከናፍጣ ሽታ ጋር የጓዳቸው ጭስ ከነጠላቸው ይሸተኛል። አብሮን የተሳፈረ አንድ ነጋዴ ጉድ ብሎ አየንና፦

«እትዬ፣ ሌባ ነው እንዴ እንዲህ የጨበጡት?» አለ።

«አዎን፣ የራሱን ዓይን ሊሰርቅ ነው» አሉት።

ጆንያ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

መካነ ሰላም ሳንደርስ ፀሐይ ጠለቀች፤ ማፍጠሪያው ደረሰ። እሳቸው ግን ውኃ የሚያነሡበት እጅ የላቸውም። ቅድም የቀለደው ነጋዴ ራሱ ኮዳውን ከፍቶ ወደ አፋቸው አስጠጋላቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ሁለት ጊዜ ተጎነጩና እንደገና ወደ እኔ ዞሩ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ድሬሰሩ፣ ቁስል አካሚው፣ በባትሪ እያየ ከዓይኔ ቆብ ሥር ቀጭን የብረት ስንጥር በመቆንጠጫ አወጣ። ቆቡ ተሰንጥቋል፤ ዓይኔ ግን አለ።

«አንዴ እንኳ አሽተኸው ቢሆን ብሌንህን ይቀድልህ ነበር። እንዴት ቻልክ?» አለኝ።

እንዴት እንደቻልኩ በአንገቴ አሳየሁት። የሼሁ ባለቤት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው የደነዘዙ ጣቶቻቸውን በጉልበታቸው እየተጫኑ ሊዘረጉ ይሞክራሉ።

ይህን ስነግራት ትዕግሥት ስልኳን አስቀመጠች። ኋላ፦

«ታዲያ የእሳቸው ሜይንስፕሪንግ ምን ነበር፣ አባባ?» አለችኝ።

ዘመዳቸው አይደለሁ፣ በሃይማኖት አልገናኛቸው፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ የዋሉ ሴት ናቸው። ያኔ ያስደነገጠኝ የሞላው ጉልበት ነበር። ዛሬ በሁለት ዓይኔ ተቀምጬ ሳስበው፣ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ እነዚያን ጣቶች ያን ያህል መንገድ ጨብጠው እንዲቆዩ ያደረጋቸው ነገር ነው። ምን እንደሆነ አላውቀውም። ስማቸውን ግን አውቃለሁ፤ እትዬ ዘይነባ ይባሉ ነበር።